በፍላሽ ላይ የሚነሣ፣ የተጻፈበትንም የማይረሳ የኮምፒዩተር ሥርዐት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)





በዚህ ጉባኤ ላይ በዕድሜም በሙያም የሚበልጡኝ መሐንዲሶች ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ታላላቅ የኤሌክትሪክ መስመሮች ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብሁት ጉዳይ ግን በመጠኑ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ይኸውም ሁላችንም በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው፣ በየሱቁ «ፍላሽ» እየተባለ የሚሸጠው ዕቃ ነው። ይህን ዕቃ አብዛኞቻችን የምናውቀው ጽሑፍና ፎቶግራፍ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ለማመላለስ ነው። እኔ የምናገረው ግን ኮምፒዩተሩን ራሱን ሕያው የሚያደርገውን ሥርዐት በሙሉ በፍላሽ ላይ ስለ ማኖርና፣ ከዚያም በላይ፣ ተጠቃሚው የሠራው ሥራ መብራት ሲጠፋ አብሮ እንዳይጠፋ ስለ ማድረግ ነው። ነገሩን ያስተማረችኝ ሳንጃ ስለሆነች ከዚያ እጀምራለሁ።

ሳንጃ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሑመራ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። ከደጋው ወርዶ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚዘረጋው የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ ቆላ አካል በመሆኗ፣ ከጥር ወር በኋላ ፀሐዩ ይበረታባታል፤ አቧራውም በበርና በመስኮት ብቻ ሳይሆን በቁልፍ ቀዳዳም ይገባል። ለሰሊጥና ለማሽላ ተስማሚ የሆነ አገር ለኮምፒዩተር ግን ተስማሚ አይደለም። በተለይም በውስጡ የሚሽከረከር ሳሕን ያለበት ሃርድ ዲስክ ሦስት ጠላቶች አሉት፤ ሙቀት፣ አቧራና ድንገተኛ የመብራት መቋረጥ። በቆላው ከተሞች ሦስቱም ተባብረው ይመጣሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና እንዳለቀ፣ በልጅነቴ ሒሳብ ያስተማሩኝ አንድ አረጋዊ መምህር ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ጠሩኝ። በኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ 12 ኮምፒዩተሮች ተደርድረዋል፤ የሚነሡት 4 ብቻ ነበሩ። ቀሪዎቹን 8 አንድ በአንድ ከፍቼ መረመርሁ። የ5ቱ ሃርድ ዲስክ ሞቷል። የ3ቱ ዲስክ ደኅና ቢሆንም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚተላለፈው ቫይረስ ሥርዐታቸውን አበላሽቶታል። ይሁን እንጂ በስምንቱም ማሽኖች ላይ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ የሥራ ማኅደሩ (ራሙ) እና መስኮቱ ፍጹም ጤነኞች ነበሩ። የሞተው አንድ ብልት ሆኖ ሳለ የተቀበረው ግን አካሉ በሙሉ ነበር። አዲስ ዲስክ ለመግዛት የሚያስችል በጀት የለም፤ በእጄ የነበሩት ጥቂት ፍላሾች ነበሩ።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። ከእናንተ መካከል በዶስ ዘመን የሠራችሁ እንደምታስታውሱት፣ ያን ጊዜ ብዙው ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ አልነበረውም። ሠራተኛው አንዱን ዲስኬት አስገብቶ ማሽኑን ያስነሣል፤ ሥራውን ግን በሌላ ዲስኬት ላይ ያኖራል። የሥርዐቱ ዲስኬት እንዳይጻፍበት ይዘጋል፤ የሥራው ዲስኬት ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ይህን ልዩነት ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በኋላም ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ካቀረበ በኋላ፣ ሙሉ ሥርዐትን ያለ ምንም ተከላ ከሲዲ ላይ ማስነሣት ተቻለ። ክላውስ ክኖፐር የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ክኖፒክስ በዚህ ረገድ በዓለም ታወቀ። በአገራችንም ከእ.ኤ.አ. 2008 ገደማ ጀምሮ ለሕፃናት ተብለው የተሠሩት ኤክስ-ኦ የተባሉት አነስተኛ ኮምፒዩተሮች በጥቂት ሺሕ ቁጥር ለትምህርት ቤቶች ተሰጥተው ነበር። በእነዚያ ላይ ይሠራ የነበረው «ሹገር» የተባለው ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ2009 በፍላሽ ላይ እንዲነሣ ሆኖ ተዘጋጀ። አሳቡም ቀላል ነበር፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ኮምፒዩተር መስጠት ካልተቻለ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ፍላሽ ይሰጠው፤ ማሽኑን በተራ ይጠቀምበት። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ወደ ደብር እንደሚሄድ ሁሉ፣ ይህም ተማሪ ዕውቀቱን በኪሱ ይዞ ከማሽን ወደ ማሽን ይሄዳል ማለት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ኮምፒዩተር ሲበራ መጀመሪያ የምትነቃው በማዘርቦርዱ ላይ ያለች አነስተኛ ፕሮግራም ናት፤ በቀድሞዎቹ ማሽኖች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩ-ኢ-ኤፍ-አይ ትባላለች። እርሷም የሥርዐቱን ማስነሻ የት እንደምትፈልግ በተራ የተጻፈ ትእዛዝ አላት። በተራው መጀመሪያ ላይ ፍላሽ እንዲቀመጥ ካደረግን፣ ሃርድ ዲስኩ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የላትም። ከፍላሹ ማስነሻውን ታነባለች፤ ማስነሻው የሥርዐቱን አስኳል ይጠራል፤ አስኳሉም «ስኳሽ-ኤፍ-ኤስ» በተባለ ስልት ተጨምቆ የታሸገውን የፋይሎች ጥቅል ይከፍታል። ይህ ጥቅል ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም።

ታዲያ የማይጻፍበት ሥርዐት እንዴት ይሠራል? በብራና የተጻፈ መጽሐፍ አስቡ። ብራናውን መፋቅም መሰረዝም አልተፈቀደም። ነገር ግን በየገጹ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ተደርቦበታል። አንባቢው ቃል መለወጥ ሲፈልግ በስሱ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ቃል ማጥፋት ሲፈልግም በዚያ ቃል ትይዩ በስሱ ወረቀት ላይ ነጭ ይቀባል። ከላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ሁለቱ አንድ ገጽ መስለው ይታዩታል፤ ብራናው ግን እንደ ጥንቱ አለ። በሊኑክስ ይህን ድርብ የሚሠራው «ኦቨርሌይ-ኤፍ-ኤስ» የተባለው ስልት ሲሆን፣ ከእ.ኤ.አ. 2014 መጨረሻ ጀምሮ የአስኳሉ አካል ሆኗል።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ ሥርዐቱ ያን ስስ ወረቀት የሚያኖረው በራም ላይ ነው። ራም ደግሞ መብራት ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማታ ወረቀቱ ይቃጠላል፤ በእያንዳንዱ ጧት ብራናው እንደ አዲስ ይገለጣል።

ይህን በመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ በተግባር ግን ዘነጋሁት። በሳንጃ የመጀመሪያውን ቀን 5 ፍላሾች አዘጋጅቼ ማሽኖቹን አስነሣሁ። ሞተው የነበሩት ሲበሩ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ደስታ ይህ ነው አይባልም። አስተማሪዬም ወዲያው ተቀምጠው የ62 ተማሪዎችን ውጤት ወደ ሮስተር ሲያስገቡ ዋሉ፤ በየጊዜውም «ሴቭ» ያደርጉ ነበር። ወደ ማታ ማሽኑን በሥርዐቱ ዘግተው ሄዱ። በነጋታው ሲከፍቱት ሮስተሩም የለም፤ የአማርኛው መክተቢያም የለም፤ የጠረጴዛው መልክ እንኳ ተመልሶ እንግዳ ሆኗል። ሳይቆጡ ወደ እኔ ዞር አሉና፣ «ልጄ፣ ይህ መኪናህ እንደ ሰካራም ነው፤ ማታ ያመነውን ጧት ይክዳል» አሉኝ። የውጤቱ ወረቀት በእጃቸው ስለነበረ ነገሩ የአንድ ቀን ድካም ሆኖ ቀረ። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ የ62 ልጆች ውጤት በእኔ ቸልታ ጠፍቶ ነበር። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም፤ ለማን እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ዕቃ ያስረከበው መሐንዲስ ጥፋት ነበር።

መድኃኒቱ ስሱን ወረቀት ከራም አውጥቶ በዚያው ፍላሽ ላይ ቋሚ ቦታ መስጠት ነው። እኔ ይህን «ቀሪ ማኅደር» እለዋለሁ። አዘጋጃጀቱን በአጭሩ ልዘርዝር።

በመጀመሪያ የሥርዐቱ ቅጂ ከታመነ ምንጭ ይወሰድና፣ አብሮት በሚታተመው የማረጋገጫ ቁጥር መትክክሉ ይፈተሻል። ቀጥሎ በፍላሹ ላይ ይጻፋል። ዊንዶውስ ያለው ሰው ሩፉስ በተባለው ፕሮግራም ሊጠቀም ይችላል፤ ይህ ፕሮግራም ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ ለቀሪ ማኅደር የሚሆን ቦታ በዚያው መስኮት ላይ ለክቶ መስጠት ያስችላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው፤ የክፍፍሉ ስምና ለአስኳሉ የሚሰጠው ቃል። በዴቢያን ክፍፍሉ «ፐርሲስተንስ» የሚል ስም ይሰጠዋል፤ በውስጡም ምን ምን እንዲቀር እንደምንፈልግ የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ ይቀመጣል፤ በማስነሻው ትእዛዝ ላይም ይኸው ቃል ይጨመራል። በኡቡንቱ የማስነሻው ቃል «ፐርሲስተንት» ሲሆን፣ የክፍፍሉ ስም በቀድሞዎቹ እትሞች በ«ካስፐር» የሚጀምር፣ በቅርቦቹ ግን «ራይተብል» የሚል ነው። ስሞቹ ሁሉ በላቲን ፊደል፣ አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ መጻፍ አለባቸው። ስሙ ከተሳሳተ ሥርዐቱ አይከለክላችሁም፤ ዝም ብሎ ይነሣል፤ ማታም ሁሉን ይረሳል። ከስሕተቶች ሁሉ ክፉው ይህ ድምፅ የሌለው ስሕተት ነው።

ስለዚህ የመጨረሻው እርምጃ ፈተና ነው። አንድ ትንሽ ጽሑፍ ጽፎ፣ ማሽኑን በሥርዐቱ ዘግቶ፣ ፍላሹን ነቅሎ በሌላ ማሽን ላይ ማስነሣትና ጽሑፉን መፈለግ ያስፈልጋል። ይህ ፈተና ሳይፈጸም ማንም ፍላሽ ከእጃችን መውጣት የለበትም።

አንድ የልክ ነገር ልጨምር። ቀሪውን ማኅደር በክፍፍል ፈንታ በአንድ ፋይል ውስጥ ማኖርም ይቻላል። ነገር ግን ፍላሾች በተለመደው ፋት-32 ሥርዐት ሲሠሩ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ሊሞላ አይችልም። ስለዚህ ራሱን የቻለ ክፍፍል ይሻላል። እኔ 32 ጊጋባይት ያለውን ፍላሽ እንዲህ እከፍለዋለሁ፤ እስከ 6 ለሥርዐቱ፣ 8 ለቀሪው ማኅደር፣ የተረፈው በሙሉ ለተጠቃሚው ሥራ።

የተረፈውን ለምን ለየሁት? ሁለተኛው የሳንጃ ትምህርት ይህ ነበር። ቀሪውን ማኅደር ካዘጋጀሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ሁሉም በደኅና ሄደ። ከዚያም አንዱ ፍላሽ መነሣት ጀምሮ መሐል ላይ ይቆም ጀመር። ለካስ አንድ ተጠቃሚ ሥርዐቱ ራሱን እንዲያድስ በስልኩ ኢንተርኔት ፈቅዶለት ኖሮ፣ ማኅደሩ ሞልቶ መተንፈሻ አጥቷል። ብራናው ስለማይፋቅ አዲሱ ፕሮግራም ሁሉ በስሱ ወረቀት ላይ ይደረባል፤ አሮጌውም ከሥሩ አለ። አስኳሉማ ቢታደስም እንኳ ማስነሻው የሚጠራው የጥንቱን ስለሆነ፣ ቦታ ከማባከን በቀር የሚያተርፈው የለም። ሌላው ፍላሽ ደግሞ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ጠፋበት፤ ማኅደሩን በጥገና ትእዛዝ ባስተካክለውም የዚያ ቀን ሥራ አልተመለሰም።

በዚህ ጊዜ የዶስ ዘመን ሁለቱ ዲስኬቶች ትዝ አሉኝ። ሥርዐትና ሥራ በአንድ ቤት መኖር የለባቸውም። በቀሪው ማኅደር ውስጥ የሚቀመጡት የቋንቋ ምርጫ፣ የአማርኛ መክተቢያ፣ የአታሚ ቅንጅትና ጥቂት የተመረጡ ፕሮግራሞች ብቻ ይሁኑ። ሮስተሩ፣ ፈተናውና ደብዳቤው ግን በሦስተኛው ክፍፍል ይቀመጡ፤ በየሳምንቱ ዓርብም ወደ ሁለተኛ ፍላሽ ይገልበጡ። እንዲህ ሲሆን ማኅደሩ ቢበላሽ እንኳ ስሱን ወረቀት ቀዶ ጥሎ አዲስ መተካት ነው፤ ብራናውም አለ፤ ሥራውም አለ። ተማሪዎች ቢነካኩት፣ የጀማሪ እጅ ቢያበላሸው፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሥርዐቱን በፍላሹ ላይ እንደ ሃርድ ዲስክ አድርጎ መትከል እየተቻለ ይህን ድርብ መንገድ የመረጥሁት ስለዚህ ነው።

ቀሪ ማኅደር ከሌላው ዓለም ይልቅ ለእኛ የሚያስፈልግበት ምክንያትም አለ። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3ኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ በማንኛውም ሊኑክስ ላይ አማርኛ ማንበብና መጻፍ ይቻላል። ሆኖም ሥርዐቱ ሲነሣ በእንግሊዝኛ ነው የሚነሣው፤ የአማርኛውን መክተቢያ መምረጥ የተጠቃሚው ድርሻ ነው። የማይረሳ ፍላሽ ካልሆነ በቀር መምህሩ በየማለዳው ለገዛ ቋንቋው ፈቃድ ሊጠይቅ ነው።

ደግሞም በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል በአብዛኛው ቦታ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱን ሁላችንም እናውቃለን። በሌላ አገር «የጎደለውን ከኢንተርኔት አውርድ» ማለት ቀላል ነው። በእኛ ዘንድ ግን ፍላሹ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሰንቆ መውጣት አለበት። የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራሙን፣ መክተቢያውን፣ መመሪያውን፣ ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚነበበውን ዊኪፔዲያ ጭምር ማለቴ ነው። ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ስንቁን ከቤቱ እንደሚይዝ ማለት ነው።

የዚህን መንገድ ድካምም መደበቅ አይገባኝም። ፍላሽ ከሃርድ ዲስክ ይዘገያል፤ በተለይ በአሮጌው ዩ-ኤስ-ቢ 2 መሰኪያ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። የመጻፍ ዕድሜውም የተወሰነ ነው። በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ «ሴክዩር ቡት» የተባለው ጥበቃ አንዳንዱን ሥርዐት አላስነሣም ሊል ይችላል። በጣም አሮጌ ለሆኑት ባለ 32 ቢት ማሽኖችም አዳዲሶቹ የዴስክቶፕ እትሞች እየቀሩ ነው፤ ኡቡንቱ ይህን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር። በገበያም ላይ 64 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎበት የዚያን እሩብ እንኳ የማይዝ ሐሰተኛ ፍላሽ ሞልቷል። እንዲህ ያለው ዕቃ ልኩ እስኪሞላ ድረስ ታማኝ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ሁሉ በልቶ ዝም ይላል። ስለዚህ ኤፍ-3 በተባለው መፈተሻ ጥግ እስከ ጥግ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ግዴታ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የማይረሳ ዕቃ ምስጢርም አይረሳም። የተማሪ ውጤት ወይም የሕሙማን መዝገብ ያለበት ፍላሽ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ቢወድቅ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል። እንዲህ ላለው ሥራ ማኅደሩ በይለፍ ቃል መቆለፍ አለበት። ሊኑክስ ይህን የሚያደርግበት «ለክስ» የተባለ ስልት አለው። ቃሉ ከተረሳ ግን ፋይሉ እንደማይመለስ አስቀድሞ ለተጠቃሚው መንገር የእኛ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ለማኅበራችን ሦስት አሳብ አቅርቤ ላብቃ። አንደኛ፣ በአባላት ተፈትኖ የተረጋገጠ፣ አማርኛው ከመነሻው የተስተካከለ አንድ እናት ፍላሽ እናዘጋጅ። ሁለተኛ፣ ለእርሱ የሚሆን፣ መሐንዲስ ላልሆነ ሰው የሚገባ የጥቂት ገጾች መመሪያ በአማርኛ እንጻፍ፤ የመጨረሻው ገጽ ስለ መገልበጥና ስለ መጠበቅ ይሁን። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ አባል ለዕረፍት ወደ ትውልድ ቦታው ሲሄድ አንድ የተዘጋ የኮምፒዩተር ክፍል ይጎብኝ። ከመጣሉ በፊት የሞተው አካሉ ሁሉ ነው ወይስ አንድ ብልት ብቻ የሚለውን ጥያቄ ይጠይቅ።

ከሳንጃ ስወጣ ከስምንቱ ማሽኖች 7ቱ በፍላሽ ይሠሩ ነበር፤ አንደኛው የኃይል ሳጥኑም ስለሞተ ተወው። አስተማሪዬ ሮስተሩን ለሁለተኛ ጊዜ አስገብተው ጨርሰው ነበር። ሆኖም ወረቀቱን አልጣሉትም፤ አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ አኖሩት። እኔም ማሽኑን እመኑት ብዬ አልተከራከርኋቸውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ስልክ ደውለው፣ አንዱ ፍላሽ ተበላሽቶባቸው እንደነበረና እኔን ሳይጠብቁ ከእናት ፍላሹ ገልብጠው አዲስ እንዳዘጋጁ፣ ለሁለት ወጣት መምህራንም እንዳሳዩአቸው ነገሩኝ። እኔ የማላስታውሰውን አንድ እርምጃ እንኳ አርመውኛል፤ ፍላሹ በሌላ ማሽን ላይ ከተፈተነ በኋላ ቀኑን በእስክርብቶ ጽፈው ይለጥፉበታል። ዛሬ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።